ምድር ላይ መቆም፣ ባሕር ላይ መቀመጥ

ሐሙስ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሂሻም ቡርሀን ከደንገል ሣር ያሰረው ሰው አንድ እግሩ ሳይታሰር ቀረ። ባሕር ዳር፣ ከጣና ጠርዝ ብዙም በማይርቀው የአባቱ ግቢ ውስጥ፣ አጥር ተደግፎ ቆሟል። ራስ፣ ደረትና ወገብ አለው፤ የተጋጣሚውን እግር ሊይዝ እንደሚያጎነብስ ታጋይ ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቷል። ቀኝ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተጠፍንጎ አልቋል። ግራው ከጉልበቱ በታች ገና የተበተነ ደንገል ነው። ሂሻም ያን ቀን ጠዋት ደንገሉ ደርቆ እየተሰበረ ቢያስቸግረው ውኃ አርከፈከፈበትና፣ እስኪለሰልስ ልላላክ፣ ማታ እጨርሰዋለሁ ብሎ ተነሳ።

ማታ አልመጣም። የወጣባት ታንኳ በማግስቱ ተገልብጣ ተገኘች። እሱን ቅዳሜ አገኙት፤ በዚያው ቀን ሶላት ተሰግዶበት ተቀበረ። የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነበር።

ስለ ሂሻም የሚያወሩ ሰዎች አብዛኞቹ ከትግል ውድድሩ ይጀምራሉ። የሱ ነገር የሚጀምረው ግን ከታንኳ ነው።

አባቱ ቡርሀን ደንገል አጭደው ታንኳ የሚያስሩ፣ መረብ የሚጥሉ፣ ሲገኝም ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ከተማ የሚያሻግሩ ሰው ናቸው። ልጆቻቸውን ሁሉ ገና በሕፃንነታቸው ታንኳ ላይ አውጥተዋቸዋል። የሚያስተምሩት አንድ ሕግ ነው፤ ባሕሩ ሲነሳ ተቀመጥ። ታንኳ ጎድን የላትም፤ የታሰረ ሣር ናት። ሞገድ ከጎን ሲመታት የቆመ ሰው ይወድቃል፣ ሲወድቅም እሷን ይዞ ይገለብጣል። የተቀመጠ ሰው ግን አብሯት ይነሳል፣ አብሯት ይወርዳል። ቡርሀን ይህን በቃል ብቻ አልተዉትም። ልጆቹ ሳያውቁ ታንኳዋን ያናውጧታል፤ ያን ጊዜ ቆሞ የተገኘውን ልጅ በመቅዘፊያው ጀርባ ቋንጃውን ቸብ ያደርጉታል። ሂሻም ቋንጃው ላይ ብዙ አልተመታም። እንደ እሱ ፈጥኖ የሚቀመጥ ልጅ አልነበራቸውም።

ካደገ በኋላ ጠዋት ከአባቱ ጋር ባሕር ላይ ይውልና አመሻሽ ላይ ወደ ስፖርት አዳራሹ ይሄዳል። ኪክቦክሲንግ የጀመረው አሥረኛ ክፍል ሳለ ነው። መቅዘፊያ ያሳደገው ትከሻ ስለነበረው ቡጢው ይከብዳል፤ በተለይ ግራው። ጓደኞቹ ቀዛፊው ይሉታል። ቆሞ በሚደረግ ግጥሚያ በከተማው የሚያሸንፈው ሰው እየጠፋ ሄደ።

ነገሩ የተለወጠው ቡጢውም ርግጫውም ትግሉም የተቀላቀለበት፣ ኤም ኤም ኤ የሚሉት ስፖርት ወደ አዳራሹ ሲገባ ነው። ያመጣው ክንዱ የሚባል ሰው ነው። ክንዱ ቀን ቀን ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚጠግን፣ በወጣትነቱ በገጠር ትግል ስም የነበረው፣ አርባን ያልደፈነ አሠልጣኝ ነው፤ ሠልጣኞቹ ማስተር ይሉታል። ሂሻም ያለማመንታት ተመዘገበ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ ተሸነፈ። ሁለተኛውንም ተሸነፈ። ሁለቱም ጊዜ የሆነው አንድ ነው። ተጋጣሚው ጎንበስ ብሎ እግሮቹን ሊያቅፍ ይገባል፤ ሂሻምም፣ ያ ሁሉ ጉልበት እያለው፣ ገና ሳይጎተት ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ከላይ ሆኖ የሚደበድብና ከታች ሆኖ የሚደበደብ ነው።

በልምምድም እንደዚያው ነበር። አብሮት የሚለማመደው ግሩም የሚባል ደልዳላ ታጋይ፣ እግሩን በነካው ቁጥር መሬት ላይ ያገኘዋል። አንድ ቀን ግሩም ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ሌሎቹ ዞረ።

«ኧረ ወንበር ስጡት! እንግዳ እኮ ነው» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሂሻምም አብሮ ሳቀ፤ ቤቱ ሲገባ ግን እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ክንዱ አልሳቀም። ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ፍራሹ ላይ አስቀርቶ ጠየቀው።

«ፈርተህ ነው?»

«አልፈራሁም፣ ማስተር።»

«ታዲያ ማነው ቁጭ በል የሚልህ?»

ክንዱም ቁርጡን ነገረው። በግንቦት ከጎንደር በኩል ከሚመጡ ልጆች ጋር ግጥሚያ አለ፤ በዚያ ላይ እንደ እስካሁኑ ከተቀመጠ ከኤም ኤም ኤው ወጥቶ ወደ ኪክቦክሲንጉ ይመለሳል። ይህን የሚለው ለመቅጣት አይደለም አለው። ላዩ ላይ ተቀምጠው ሲደበድቡት ቆሞ ማየት ስለማይችል ነው። ለሂሻም ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ታንኳዋም መረቡም ቤቱም ከአባት የተቀበለው ነው። ራሱ ፈልጎ የያዘው ያን አንዱን ነበር።

ምሥጢሩን ያገኘው ባሕር ላይ ነው። የካቲት ውስጥ እንጨት ጭኖ ከዘጌ ሲመለስ፣ ቆሞ ጭነቱን እያስተካከለ ሳለ፣ ቱሪስት የሚያመላልስ ባለሞተር ጀልባ በአጠገቡ አለፈ። የጀልባው ሞገድ ታንኳዋን ከጎን መታት። ሂሻም ሞገዱን ከማየቱ በፊት እንጨቱ ላይ ተቀምጦ ራሱን አገኘው። እንዴት እንደተቀመጠ አያውቅም። ማንም አልገፋውም፣ እሱም ልቀመጥ አላለም። እዚያው እንደተቀመጠ መቅዘፉን ረስቶ ቆየ። ለካ በአዳራሹም የሚሆነው ይኸው ነው። ግሩም እግሩን ሲያቅፈው ከሥሩ ያለው መሬት የተናወጠ ይመስለዋል፤ ያን ጊዜ ሰውነቱ እንደ ባሕር ልጅ ይታዘዛል።

ሂሻም ይህን ሲነግረው ክንዱ ሳቀ። ታጋይ ሲያሠለጥን ብዙ ዓይነት ድክመት አይቷል፤ ፈሪ አይቷል፣ ሰነፍ አይቷል፣ ወገቡ የማይታጠፍ አይቷል። ታንኳ ግን አላጋጠመውም። የባሕሩን ሕግ ለባሕሩ እንዲተውለት፣ ምድር ላይ ግን ሌላ ሕግ እንዲማር ነገረውና ሥራ ጀመሩ።

ቡጢ የለመደ ሰው ቀጥ ብሎ፣ እግሮቹን አቀራርቦ ይቆማል። ክንዱ ከዚያ ጀመረ። እግሩን አሰፋለት፣ ጉልበቱን እንዲያለዝብ፣ ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ አደረገው። ተጋጣሚው ሲገባ ወገቡ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሁለቱም እግሮች ከእጁ ያመልጣሉ፤ ደረት በተጋጣሚው ትከሻ ላይ ይጫናል። አንድ እጅ በብብቱ ሥር ይገባና ቀና ያደርገዋል። ወድቆ ከተገኘም ጀርባውን ሰጥቶ አይተኛም፤ መዳፉን መሬት ላይ ተክሎ፣ ወገቡን አሽሽቶ ይነሳል። ይህን ሁሉ ሂሻም በአንድ ሳምንት ውስጥ በቃሉ ያውቀው ነበር። ሰውነቱ ግን አሻፈረኝ አለ። ግሩም ዓይን ለዓይን እየተያዩ ሲመጣበት ያመልጣል፤ በድንገት ከጎን ሲመጣበት ቁጭ ይላል። ክንዱ ያን ሲያይ ልምምዱን ለወጠው። ሂሻም ከዚያ በኋላ ተዘጋጅ አይባልም። ውኃ ሲጠጣ፣ ጫማ ሲያስር፣ ከሰው ጋር ሲያወራ፣ ግሩም ከየትም መጥቶ እግሩን ያቅፈዋል። የመንገድ ሰው ቢያያቸው የተጣሉ ይመስለው ነበር። አንድ ቀን ገበያ መካከል፣ ሎሚ በሚሸጡ ሴቶች ፊት እንደዚያ አደረገው፤ ሂሻም እግሮቹን አሽሽቶ ግሩምን በግንባሩ መሬት ላይ ደፋው። ሴቶቹ ሰደቧቸው። ሁለቱ ግን ተቃቅፈው ሳቁ። እንዳልተቀመጠ ሁለቱም ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

ግንቦት ደረሰ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር የጎንደሮቹ ልጆች ከጎርጎራ በጀልባ ነው የመጡት፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ሞገዱ አስመልሷቸው ፊታቸው ገርጥቶ ወረዱ። የሂሻም ተጋጣሚ ይትባረክ የሚባል፣ አጠር ያለ፣ አንገቱ ከትከሻው ጋር የተያያዘ ታጋይ ነበር። ቡጢ ለመለዋወጥ ጊዜ አላጠፋም። ዙሩ እንደተጀመረ ጎንበስ ብሎ ገባ። የሂሻም ወገብ ወደ ኋላ ሄደ፤ ደረቱ በይትባረክ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ሁለቱ እንደዚያ ተጫጭነው ቆዩ። ከማዕዘኑ ግሩም «ወንበር የለም!» እያለ ይጮህ ነበር። በሁለተኛው ዙር ይትባረክ ግድግዳ አስደግፎ ጣለው። ይህ መውደቅ ነው፤ መቀመጥ አይደለም። ሂሻም መዳፉን ተከለ፣ ወገቡን አወጣ፣ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ይትባረክ በገባ ቁጥር የሂሻም ግራ እጅ ትጠብቀው ጀመር። ዳኞቹ ለሂሻም ፈረዱ።

እቤት ሲገባ እናቱ ራሂማ ያበጠውን ቅንድቡን በጨው ውኃ እያጠቡ የጠላቱን ዘር ሁሉ ሲረግሙ አባቱ በር ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር። ማን አሸነፈ አላሉም።

«ተቀመጥህ?» ብቻ አሉት።

«አልተቀመጥሁም፣ አባ።»

ቡርሀን ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መረባቸው ተመለሱ። ደስ ብሏቸው እንደነበር ለጎረቤት መናገራቸው ኋላ ተሰምቷል። ለእሱ ግን አልነገሩትም።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ቆይቶ አባትና ልጅ መረብ ሊያነሱ ወጡ። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ድንገት ዞረና ሞገድ ታንኳዋን ከጎን መታት። ቡርሀን ተቀመጡ። የሂሻም እግሮች ግን ወደ ኋላ በረሩ፤ ደረቱ በታንኳዋ ጠርዝ ላይ ወደቀ፤ ጠርዟ ሰጠመ፤ ውኃው ገባ፤ ዓሣው ተመልሶ ወደ ባሕር ሄደ። አባቱ በቀበቶው ይዘው ባይጎትቱት ኖሮ እሱም ይከተል ነበር። ታንኳዋ እስክትረጋ ሁለቱም ተቀምጠው ጠበቁ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ሲባል አልሰማህም?» አሉ ቡርሀን።

«ሰምቻለሁ፣ አባ።»

«እንግዲያው ካንዱ ውረድ።»

«ባሕሩ እንጀራችን ነው፤ ከሱ አይወረድም» አለ ሂሻም። «ያኛው ደግሞ የኔ ነው። እርስዎ ያልሰጡኝ አንድ ነገር እሱ ነው።»

ቡርሀን ይህን ሰምተው አልተቆጡም። ቀዝፈው ወደ ዳር መለሱት። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን ባሕር ላይ እንዳይወጣ ከለከሉት። ጎረቤት ሲሰማ ነውር ነበር፤ የታንኳ አሳሪ ልጅ፣ ጢም ያወጣ ሰው፣ አባቱ አብረውት ካልወጡ የማይቀዝፍ። ሂሻም ነውሩን ቻለው። ያልቻለው የአባቱን መድከም ማየት ነው። ጉልበታቸው አርጅቷል፤ መረቡን ብቻቸውን መሳብ አይችሉም፤ እሱን መጠበቅ ሲጨመርበት ሥራው እጥፍ ሆነባቸው። ስለዚህ ሁለቱንም መቻል ነበረበት፤ ምድር ላይ መቆም፣ ባሕር ላይ መቀመጥ። አንዱን አንሥቶ ሌላውን መጣል ለሱ አማራጭ አልነበረም።

ክንዱን ሄዶ ጠየቀው። ክንዱ ለረጅም ጊዜ ጓንቱን ሲፈታና ሲያስር ቆየ። እሱ የሚያውቀው ሰውን አንድ ነገር ማስለመድ እንጂ ያስለመደውን በቦታ መከፋፈል አልነበረም።

«ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው አለ» አለው። «ሲደነግጥ በየትኛው እንደሚጮህ ግን አይመርጥም።»

ልምምዱን ለጊዜው እንዲያቆም መከረው። ሂሻም የግሩምን ያለማስጠንቀቂያ መምጣት አስቀረ እንጂ አዳራሹን አልተወም። በሰው ምትክ በቀን አንድ ሰዓት መርጦ የሚገፋውን፣ የሚጎትተውን፣ ሌላ ጊዜ ግን ከአጥር የማይንቀሳቀስለትን ተጋጣሚ ከደንገል ማሰር የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ድንገተኛውን ነገር ለባሕሩ ብቻ ሊተው ፈልጎ ነበር።

ባሕሩን የመለሱለት አባቱ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያልቅ ቡርሀን ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ወገባቸው ውኃው ውስጥ ይገባሉ፤ ልጃቸው ታንኳዋ ላይ ይቆማል፤ እሳቸው እንደ ድሮው ያናውጧታል። አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ስለ ገበያ ስለ ዘመድ ሲያወሩት ቆይተው፣ አንዳንዴም ጀርባውን ሲሰጣቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወገቡ ወደ ኋላ ያመልጥ ነበር። ከዚያ ግማሽ ቁጭ፣ ግማሽ ሽሽት የሆነ፣ ሁለቱም የሳቁበት ነገር መጣ። ቀስ በቀስ ሰውነቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሰኔ ሲብት፣ በየትም በኩል ቢያናውጧት፣ የሚያዩት የተቀመጠ ልጅ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ፈተና ላይ ቡርሀን ከውኃው ወጥተው ሱሪያቸውን እየጨመቁ ቆሙ።

«በቃህ» አሉት። «ባሕሩን መልሼልሃለሁ። አላህ ይጠብቅህ።»

ዛሬ ቡርሀን ለቅሶ ሊደርስ ከመጣ ሰው ጋር ተቀምጠው ደጋግመው የሚያነሱት ይህን ነው። «ያናወጥሁት እኔ ነበርሁ» ይላሉ። «ከማንም እጅ ይልቅ የኔን እጅ ያውቃታል። ባሕሩ ግን የኔ እጅ አይደለም።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሆነ በቅርብ ያየ ሰው አልተገኘም። ከቁንዝላ በኩል ሲመለስ የነበረ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ዝናቡ መጋረጃውን ከመጣሉ በፊት በሩቁ ታንኳ ላይ ቆሞ የሚታይ ሰው አይቻለሁ ብሎ ነበር። ቡርሀን ራሳቸው ሄደው ሲጠይቁት ግን እርግጠኛ አይደለሁም አለ። ያየው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ዛፍ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት የተነሳው ነፋስ ደግሞ የተቀመጡትንም ገልብጧል፤ በዚያው ቀን ሌላ ታንኳ ተሰብራ ሁለት ሰዎች በዋና ተርፈዋል። ስለዚህ ሂሻም ቆሞ ነበር ማለት አይቻልም፤ ተቀምጦ ነበር ማለትም አይቻልም። የሚታወቀው ከዚያ በፊት ያለው ነው።

ያን ቀን የተላከው እህቱ ሳዲያ ዘንድ ነው። ሳዲያ ታላቁ ናት፤ ዘጌ ግርጌ ካለች መንደር አግብታ ትኖራለች፤ ያን ሰሞን አራስ ነበረች። እናቱ ራሂማ ለገንፎ የሚሆን ገብስ ቆልተው፣ ፈትገው፣ በጆንያ ቋጠሩለት። ሂሻም ጆንያውን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ሄደ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እስኪመጣ ደጅ ተቀመጠ፤ ሲመጣም በርበሬ የተፈጨበት ወፍጮ ላይ እንዳይፈጩበት ቆሞ ጠበቀ፤ ለአራስ ነው እያለ። ዱቄቱ ገና ትኩስ ሳለ በላስቲክ ጠቀለለው፣ ላስቲኩን በጆንያ ከተተው፣ ጆንያውን ታንኳዋ መካከል ከፍ ባለ ደንገል ላይ አስቀመጠው። አባቱ ከነፋሱ በፊት እንዲመለስ ነግረው ሸኙት። ውኃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር አሉ።

ሳዲያ በር ላይ ሆና ሲመጣ አየችው። ተቀምጦ ይቀዝፍ ነበር። ሲገባ ቅንድቡ ላይ የቀረውን ጠባሳ አይታ፣ ልጄን በዚህ ፊት እንዳታስደነግጥብኝ አለችው። እሱም ልጁን ከእጇ ተቀብሎ፣ መሐል ቤት ቆሞ፣ የማን አጎት እንደሆነ አስረዳው።

«ተቀመጥ እንጂ» አለችው ሳዲያ።

«ዘንድሮ ሰው ሁሉ ተቀመጥ ይለኛል፣ እታለም» አለና ተቀመጠ።

ቤት ያፈራውን በላ። ልጁ እጁ ላይ እንቅልፍ ስለወሰደው፣ እንዳይነቃ ብሎ ካሰበው በላይ ቆየ። ሊነሳ ሲል ሳዲያ ዱቄቱን እዚያው በር አጠገብ እንዲተወው ነገረችው፤ ባሏ ሲመጣ ያነሳዋል። እንቢ አለ፤ በር አጠገብ እርጥበት ይነካዋል። ጆንያውን ወደ ጓዳ አስገባ፣ ላስቲኩን ፈታ፣ ዱቄቱን በእንስራ ውስጥ አንዲት ብናኝ ሳያፈስ ገለበጠ፣ አፉን በጨርቅ አሰረ፣ ባዶውን ጆንያ አራግፎ አጥፎ ለእናቱ ሊመልስ በብብቱ ያዘ። ከደጅ ደህና ሁኚ አላትና ወደ ባሕሩ ወረደ።

እሱ ከሄደ በኋላ ሳዲያ ጨርቁን ፈትታ እጇን አስገባች። ዱቄቱ እስከ ታች ድረስ ደረቅ ነበር።